«ሁሉም ጥሩ ነው» ብለውኝ ሄዱ

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 28 ነው። በሥነ ሕንፃ ከተመረቅሁ በኋላ ካዛንቺስ ባለ አንድ አማካሪ ድርጅት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ የሆቴልና የአፓርትመንት ግቢ መሣል ነው። ልቤ ያለው ግን ሰፈር ውስጥ ከነዋሪው ጋር በሚሠራ ሥራ ላይ ነው። በቅርቡ የአንድ ልደታ ያለ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ወደ 900 ካሬ ሜትር የሚሆን የጋራ ግቢ እንድነድፍለት ጠየቀኝ። ክፍያው ትንሽ ነው። ባለቀለም ሥዕል አዘጋጅቼ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አርባ የሚሆን ሰው መጣ። ሁለት ሦስት አባቶች አመሰገኑ፤ ሌላው «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ሥራዬን ለቅቄ በዚህ ልግፋበት? ላንድስኬፕ አርክቴክቸር (የግቢና የክፍት ቦታ ንድፍ) በሁለተኛ ዲግሪ ልማር? ወይስ ይህ ሥራ እዚህ ከተማ እንጀራ አይሆንም?
ብ. ነኝ፣ ከቀበና

መልስ፦
ብ. እህታችን፣

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ፤ ግቢውን ግን እንዳትተዪው። ትምህርቱም ይደርሳል። መሐል አዲስ አበባ ላይ ከነዋሪ ጋር የሚሠራ ባለሙያ ስም የሚያገኘው በሥዕል ብዛት አይደለም። የነደፈው አንድ ቦታ ሁለት በጋ አልፎ፣ ዛፉ ሳይደርቅ፣ ሰው ሲቀመጥበት ሲታይ ነው። ለዚያ 900 ካሬ ሜትር ይበቃል። ስለዚህ አብዛኛው ምክራችን ስለ ግቢው ነው፤ ስለ ክፍያና ስለ ትምህርት መጨረሻ ላይ እንመጣለን።

ስብሰባው ላይ የተሰማሽ ነገር ልክ ነው። ያለቀ፣ ቀለም የተቀባ፣ ዛፉ ሁሉ አድጎ የሚታይበት ሥዕል ሰው ፊት ሲቀመጥ «ነገሩ ተወስኗል» ይላል። ደክማ የሠራችን ልጅ በሰው ፊት መንቀፍ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይሉኝታ አፍ ይይዛል። በዚያ ላይ ሰው ወረዳ አዳራሽ ሲጠራ የሚያውቀው ልማድ ሰምቶ፣ ፈርሞ መሄድ ነው። የሚናገሩትም ሁልጊዜ የሚናገሩት ናቸው። እናቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ታዳጊዎች አልተናገሩም፤ ተከራዮች ምናልባት ጭራሽ አልተጠሩም።

ስለ ተከራዮች ለይተን እንናገር፤ ብዙ ግቢ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቃል ሳይሆን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ኮሚቴ ይለወጣል፤ በቃል የተፈቀደ ሥራ በአዲሱ ኮሚቴ ይቆማል። በሌላ በኩል ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰፈር ይኖራል፤ ግቢው ውስጥ ውሎ የሚያድረው፣ ልብስ የሚያሰጣው፣ ልጁን የሚያጫውተው ተከራዩ ነው። ፊርማውን ከባለቤት፣ እውቀቱን ከነዋሪው ውሰጂ። ሁለቱን ካምታታሽ ወይ ሕጋዊ ያልሆነ፣ ወይ ማንም የማይጠቀምበት ግቢ ይወጣሻል።

አሁን ሥዕሉን ወደ ጎን አስቀምጪና ከመመልከት ጀምሪ። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሑድ ያዢ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በየሰዓቱ ለ15 ደቂቃ የግቢውን ፕላን ይዘሽ ያየሽውን ሁሉ በቦታው ላይ ምልክት አድርጊ፦ ማን ነው፣ ቆሟል፣ ተቀምጧል፣ ያልፋል፣ ምን ይዟል። ለየሰዓቱ አዲስ ወረቀት ይሁን፤ ኋላ ደራርበሽ ስታዪው ንድፉ ግማሽ በግማሽ ከፊትሽ ይሆናል። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል በዚህ ዓይነት ቆጠራ ሲሠራ የግድ የሚደረገውን ከተወደደው ይለያል። ውኃ ሊቀዳ ያለፈ ሰው የግድ ነው፤ ቀድቶ ሲመለስ ጀሪካኑን አስቀምጦ ሩብ ሰዓት ያወጋ ግን ወድዶ ነው። ሰው ወድዶ የሚቆይበትን ጥግ መጀመሪያ ለይተሽ አክብቢ፤ አስቀያሚ ቢመስልሽም አትንኪው። ራንዶልፍ ሄስተር የተባለው አሜሪካዊ የላንድስኬፕ አርክቴክት በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ማንቴዮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪውን «ከከተማችሁ ምን ቢጠፋ ያማችኋል?» ሲል የተዘረዘረለት የቤት በረንዳ፣ ፖስታ ቤትና ጠጠር የፈሰሰበት መኪና ማቆሚያ ነበር፤ በምንም ፕላን ላይ «ቅርስ» ተብለው የማይጻፉ ነገሮች።

ከዚያ ጠይቂ፤ ግን በአዳራሽ አይደለም። ከ6 እስከ 8 ሰው በሚሆን ቡድን፣ እዚያው ግቢ፣ በቡና ሰዓት። አራት ቡድን ይበቃሻል፦ እናቶችና የቤት ሠራተኞች፣ አረጋውያን፣ ታዳጊዎች (ከትምህርት ቤት መልስ)፣ ጥበቃዎችና ምድር ቤት ያሉ ባለሱቆች። ጥበቃን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሌሊት ግቢው ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሴቶቹን ለብቻ ያነጋገርሽ እንደሆነ ስለ መብራትና ስለ ጨለማ ጥግ የምትሰሚው ከአዳራሹ ፈጽሞ የተለየ ነው።

«ምን ትፈልጋላችሁ?» አትበዪ፤ መልሱ «መናፈሻ፣ ሳርና አበባ» ነው። ስለሚያደርጉት ጠይቂ። በርበሬ የት ይሰጣል? የዕድር ድንኳን ባለፈው የት ተተከለ፣ በየት በኩል ጠበበ? ለፋሲካ፣ ለዒድ በግ የሚታረደው የት ነው፣ ደሙስ ወዴት ይሄዳል? የለቅሶ መኪና እስከ የትኛው በር ይገባል? ማታ ስትገቢ በየትኛው መንገድ አትሄጂም?

እነዚህ መልሶች ወዲያው ወደ ልኬት ይለወጣሉ። የዕድሩን ድንኳን አስወጥተሽ በሜትር ለኪው፤ በዙሪያው የሰው መተላለፊያ ጨምረሽ ያን የሚያህል ዛፍም መብራትም የሌለበት ሜዳ ተዪ። ድንኳን ካስማ ይፈልጋል፤ ካስማ ደግሞ አዲስ ንጣፍ ይሰብራል። በማዕዘኖቹና በገመዱ ነጥቦች ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የብረት ቱቦ ከንጣፉ እኩል አስቀብረሽ ክዳን አድርጊለት። ለዕርድ ከልጆች መጫወቻ የራቀ 2 በ3 ሜትር የሲሚንቶ ወለል፣ 3 በመቶ ተዳፋት፣ አጠገቡ ቧንቧ፤ ፍሳሹ ወደ ቆሻሻ ፍሳሽ መስመር እንጂ ወደ ዝናብ ዲች አይግባ፤ ዲቹ የሚያደርሰው ወንዝ ነው። ለለቅሶ መኪናና ለእሳት አደጋ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ ክፍት ይሁን።

መኪና ካልተከለከለ ግቢው በሦስት ወር ውስጥ ማቆሚያ ይሆናል። በመግቢያዎቹ ላይ የሚተከሉት ምሰሶዎች በመካከላቸው ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይራራቁ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። በሰፊው መግቢያ ላይ ያሉት ተነቃይ ሆነው ቁልፋቸው ጥበቃው ዘንድ ይቀመጥ። መኪና ያላቸው ነዋሪዎች ግን የት እንደሚያቆሙ ሳይወሰን ይህን አትንኪ፤ ጠቡ ከንድፉ በፊት ይገጥምሻል።

ፀሐይም ልኬት አላት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ 15 ሜትር ቁመት ያለው ብሎክ ወደ ሰሜን 9 ሜትር ተኩል ገደማ ጥላ ይጥላል። በሰኔ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 4 ሜትር አይሞላም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ አረጋውያን የጠዋት ፀሐይ ፍለጋ ይወጣሉ፤ አግዳሚያቸው በዚያ ጥላ ውስጥ ከወደቀ ባዶውን ይከርማል። የአግዳሚው ቁመት 45 ሴንቲ ሜትር፣ መደገፊያና የእጅ መያዣ ያለው ይሁን፤ መያዣ የሌለው ወንበር ላይ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይቀመጥም። የልብስ ማስጫውንም ፀሐይ ከምትደርስበት አታርቂው፤ ካራቅሽው ገመዱ ዛፍሽ ላይ ይታሰራል።

ንድፉን ስትጨርሺ ሥዕል አታሳዪ፤ መሬቱ ላይ አሳዪ። በኖራና በገመድ ግቢውን በሙሉ ልኩ ምልክት አድርጊበት፣ ወንበሩን በጡብ፣ ዛፉን በእንጨት አመልክቺ፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በላዩ እንዲሄድበት አድርጊ። ሞዴል ካስፈለገ 1 ለ50 ካርቶን ሥሪ፤ 30 በ30 ሜትር ግቢ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ዛፉንና ወንበሩን ሰው በእጁ ያነሳዋል። ያልተለጠፈ ዕቃ ሰው ደፍሮ ያንቀሳቅሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ ጽፈሽ በየመወጣጫው ሥር ለጥፊ፦ ምን ሰማን፣ ምን ለወጥን፣ ምን መለወጥ አልቻልንም፣ ለምን። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል።

ከመጀመሪያውም ቢሆን ክፍቱንና ዝጉን ለይተሽ ንገሪያቸው። የፍሳሽ መስመሩ መንገድ አይለወጥም፣ የእሳት አደጋ መግቢያው አይለወጥም፤ ቀሪው ክፍት ነው በዪ። አሜሪካዊቷ የተሳትፎ ጉዳይ ጸሐፊ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የነዋሪን ተሳትፎ ከታች ወደ ላይ በ8 እርከን ስትከፍል ማማከር 4ኛው ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ከእሱ በላይ ሥልጣን መጋራት አለ። ያንቺ ስብሰባ ማሳወቅ ነበር፣ 3ኛው እርከን። ይህ የባለሙያ ቸርነት ብቻም አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

አሁን ወደ ውኃው። ነዋሪ የሚያምንሽ ስለሰማሽው ብቻ አይደለም፤ ሐምሌ ላይ ምድር ቤቱ ውኃ ካልገባበት ነው። ግቢው 900 ካሬ፣ ወደ ግቢው የሚያፈስሰው ጣሪያ ደግሞ 600 ካሬ ነው እንበል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣና ወለሉ ጠንካራ ሆኖ 90 በመቶው ቢፈስስ፣ በሰከንድ 22 ሊትር ተኩል ይመጣል። ባለ 200 ሊትር በርሜል በ9 ሰከንድ ይሞላል። ይህን በ1 በመቶ ተዳፋት 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሸከመዋል፤ 150ው አይበቃም። ግማሹን አፈርና ሳር ብታደርጊው ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ግን ሒሳቡን በጽሑፍ ያዢ። የተለመዱት ጥፋቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአሮጌው ንጣፍ ላይ አዲስ ኮብልስቶን መደረብ ነው፤ ግቢው ከፍ ይላል፣ ውኃው ወደ በር ይዞራል። ያለቀለት ወለል ከምድር ቤቱ ደፍ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ሁለተኛው የዝናቡን ውኃ በአቋራጭ ወደ ቆሻሻ ማንሆል መልቀቅ ነው፤ በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ በምድር ቤት መጸዳጃ ይወጣል።

ኮብልስቶኑን ስታስነጥፊ ሙሌቱ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብር ንብር ይጠቅጠቅ፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሰሌክት ማቴሪያል (ለሙሌት የተመረጠ ጠጠራማ አፈር)፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ፣ 2 በመቶ ተዳፋት። ጠርዙ በከርብስቶን ካልተያዘ ድንጋዩ ወደ ጎን ይሸሻል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ ካለ ከ1 ለ12 አይለፍ።

ከመትከልሽ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ 1 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሪ። በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከላይ አፈር የሚመስለው ከሥሩ የብሎኬትና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው፤ ችግኝ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ የሚቀጭጭበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሌላ ጉድጓድ ከዋዜማው በውኃ አርሰሽ በማግሥቱ ውኃ ሙዪበት፤ በሰዓት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀነሰ አፈሩ አያሰርግምና ውኃውን ወደ ውጭ መምራት ብቻ ነው መፍትሔው። ዋልካ አፈር ካጋጠመሽ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቀጭን የሲሚንቶ ወለል ይሰብራል።

ለዛፍ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ ለዚህ ከፍታ ይሆናሉ። ዋንዛ ጥላው ቶሎ ይደርሳል፤ ፍሬው ግን የሚያጣብቅ ስለሆነ ከአግዳሚና ከልብስ ማስጫ አርቂው። ዋርካና ሾላ ለእንዲህ ያለ ጠባብ ግቢ አይሆኑም፤ ሥራቸው ቱቦ ያነሳል። ሌሎቹም ከመሠረትና ከፍሳሽ መስመር ቢያንስ 5 ሜትር ይራቁ። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር፤ የላዩ አፈር ለብቻ ወጥቶ ወደ ሥሩ ይመለስ፤ ግንዱ ከአፈሩ በላይ ይሁን፣ የተቀበረ አንገት ይበሰብሳል። ተከላው ክረምቱ ሲገባ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ውኃ የሚያጠጣ ማን ነው የሚለው ነው። 15 ዛፍ ቢተከል፣ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢታሰብ፣ በሳምንት 300 ሊትር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ይህን ከነዋሪ ቧንቧ መጠየቅ አይገባም። 600 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ከብክነት የተረፈው 5,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አንዴ ይሞላል። መስከረም መጨረሻ የተሞላ ሮቶ 16 ሳምንት ያህል፣ እስከ ጥር መጨረሻ ያደርሳል። ከየካቲት በኋላ በልጉ ከመጣ ይሞላል፤ ካልመጣ ለውኃ የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ በማኅበሩ በጀት ይያዝ። በየብሎኩ አንድ ኃላፊ ስሙ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። «ሁላችንም እናጠጣለን» የተባለ ዛፍ ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል።

ክፍያሽን በተመለከተ። ውል ስታዘጋጂ ሥዕሉን ብቻ ዋጋ አትስጪ፤ ከነዋሪ ጋር የሚሠራው ሥራ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ሦስት የምልከታ ቀን በሁለት ሰው 6 የሰው ቀን፤ አራት የቡና ውይይት በግማሽ ቀን፣ በሁለት ሰው 4፤ የኖራው ምልክት 2፤ ጽሕፈትና መለጠፍ 3። ድምሩ 15 የሰው ቀን። በዚህ ላይ ከተከላ በኋላ በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት ግማሽ ግማሽ ቀን ጉብኝት ጨምሪ። ኮሚቴው ይህን ሁሉ መክፈል ካልቻለ ቁጥሩን አትደብቂ፤ ሙሉውን ጽፈሽ ምን ያህሉን በነፃ እንደሰጠሽ በውሉ ላይ አሳዪ። ዝም ብሎ በነፃ የተሠራ ሥራ ቀጣዩን ባለሙያም በነፃ ያሠራዋል።

እንጀራ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ በዚህ ብቻ ቶሎ አይሆንም። አሁን ካለሽበት ድርጅት ጋር በሳምንት አራት ቀን መሥራት እንደምትችዪ ተነጋገሪ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ምልከታውን በዓመት ፈቃድሽ አድርጊው። የሆቴል ግቢ የሠራሽበት አራት ዓመትም አልባከነም፦ ሌቭል (የመሬት ከፍታ) ማንበብ፣ ቴክኦፍ (ከፕላን የሥራ መጠን) ማውጣት፣ ከፎርማን ጋር መግባባት የምትችል ባለሙያ በነዋሪ ሥራ ላይ እምብዛም አትገኝም። ሰው ማናገር የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ያናገሩትን ወደ ቱቦ ልክና ወደ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የሥራ መጠን ዝርዝር) የሚለውጡ ጥቂት ናቸው። ሠራተኛ ቀጣሪዎችም፣ አማካሪዎች ይሁኑ የግብረ ሠናይ ድርጅቶች ወይም የከተማው የአረንጓዴ ልማት ክፍሎች፣ የሚያጡት ይህንኑ ሰው ነው።

ሁለተኛ ዲግሪውን ለዚህ ግቢ ሁለተኛ በጋ አቆዪው። ሰው ሁሉ ሕንፃ ኮሌጅ የሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኢንስቲትዩት እዚያው ልደታ ነው ያለው፤ ላንድስኬፕ አርክቴክቸርን በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። የተቆጠረ፣ የተለካ፣ የተተከለ ግቢ ይዘሽ ብትገቢ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ጥያቄ ከእጅሽ ላይ ነው። ማስረጃ ማኅደርሽ ውስጥ ባለቀለሙን ሥዕል ሳይሆን የሦስቱን ቀን የምልከታ ወረቀት፣ የውኃውን ሒሳብ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሣውን ፎቶ አስገቢ።

አንድ ነገር ይቀረናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳንና አራት ኪሎን ጨምሮ መሐል ከተማው በኮሪደር ልማት ተለውጧል፤ እየዋለ ሲያድር ወደ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መጠራትሽ አይቀርም። አሁኑኑ ምሽት 12 ሰዓት ላይ በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ተዘዋውረሽ የትኛው መቀመጫ እንደሚሞላ፣ የትኛው ባዶውን እንደሚያመሽ መዝግቢ፤ በነፃ የሚገኝ ትምህርት ነው። ነዋሪ በሚነሣበት ሥራ ላይ ከተመደብሽ ግን ቆጠራው ሰው ከመነሣቱ በፊት እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቂ፦ ጉሊት የት ነበር፣ ዕድሩ የት ይሰበሰብ ነበር፣ የትኛው ዛፍ ስንት ዓመት ቆሟል። የካሳና የምትክ ቦታ ጉዳይ የሚገዛውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው አንብቢው፤ ውሳኔው ያንቺ ባይሆንም ነዋሪው የሚጠይቀው መጀመሪያ ያገኛትን ባለሙያ ነው፤ መልስሽ የተሳሳተ መሆን የለበትም። የጠየቅሽበትንም ደብዳቤ ቅጂ ያዢ።

ለዚህ ሳምንት ግን ለኮሚቴው ደውለሽ ሁለት ነገር ብቻ ለምኚ፦ የጠቅላላ ጉባኤ ቀን እንዲቆረጥልሽና የዕድሩ ድንኳን ወጥቶ እንዲለካ።